የእንግዳውን ወፍ ጉልበት የመዘኑት የአቶ ስብሓት ዑቕባይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ስብሓት ዑቕባይ ከአባታቸው ከአቶ ዑቕባይ ገብረሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቲ ሐዱሽ፣ ኅዳር 12 ቀን 1932 ዓ.ም. ከኮረም ወረድ ብሎ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። በተወለዱበት ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ ቤታችን ደጃፍ መጥቶ ነበር። የማስታውሰው በቦታው ስለነበርኩ ነው። እኔ ታላቅ እህታቸው ትብለጽ በዐሥራ አራት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። በጀርባዬ አዝዬ፣ አፍንጫ ጠርጌ ያሳደግሁትን ልጅ ዛሬ በሕዝብ ፊት አንቱ ማለት ለአፌ ይከብደዋል፤ ወጉ ነውና ግን እላቸዋለሁ።

ይህን የሕይወት ታሪክ ዲያቆኑ ያንብበው ተብሎ ነበር። አይሆንም ብያለሁ። እኔው ጽፌዋለሁ፣ እኔው አነበዋለሁ። ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ምን ልትጽፍ ነው የሚል ካለ ቆሞ ይስማ። ወንድሜ ብዙ የደከሙበትን አንድ ሥራ እኔ በገዛ እጄ አጥፍቼባቸዋለሁ። ለምን እንዳጠፋሁ በሕይወት ሳሉ እውነቱን አልነገርኳቸውም። ዛሬ ሳልናገር አፈር አይለብሱም።

አቶ ስብሓት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እናታችን ስላረፉ ያደጉት በእኔ ጀርባ ነው። ልብስ ሳጥብ ሐይቁ ዳር አስቀምጣቸው ነበር። ሌላው ልጅ ጭቃ ሲበላ እሳቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሰማይ ያያሉ፤ ከዚያ ደግሞ ጎንበስ ብለው ውሃው ውስጥ ያለውን ሰማይ ያያሉ። አንዳንዴ የትኛው የላይኛው እንደሆነ የጠፋቸው ይመስለኝ ነበር። ወፍ ሲያልፍ ሁለት ሆኖ ነበር የሚያልፍላቸው።

በ1941 ዓ.ም. አባታችን ሁለታችንን በጭነት መኪና አሳፍረው አዲስ አበባ አመጡን። የሰፈርነው ጉርድ ሾላ ነው። ያን ጊዜ እንዳሁኑ ሱቅና መኪና አልነበረም፤ ገብስ ማሳና ጅብ ነበር። ክረምት ሲወጣ ከቤታችን እስከ ቦሌ ሜዳ ድረስ ገብሱ እንደ ውሃ ሲተኛና ሲነሣ ወንድሜ ደጃፍ ቆመው ሐይቅ ነው ይሉ ነበር። አይደለም ብላቸውም አይሰሙም። አባታችን በ1946 ሲያርፉ ሁለት ላም ትተውልናል። ወተቱን እያዞርኩ ሸጬ ወንድሜን በኮተቤ በኩል በነበረ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማርኩ። እኔ አልተማርኩም። ላሞቹን ማን ይለባቸው ነበር?

በ1949 ዓ.ም. ፒያሳ በነበረ የአንድ አርመናዊ ፎቶ ቤት በተላላኪነት ተቀጠሩ፤ በሁለተኛው ዓመት ፎቶ ማንሣትም ማጠብም ቻሉ። አርመናዊው ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ዐመል ግን ነበራቸው። ወንድሜ ደንበኛ አስቀምጠው በመስኮት ርግብ ሲያነሡ ሲያገኟቸው፣ "አንተ ልጅ፣ ለርግቦቹ ደረሰኝ ትቆርጥላቸዋለህ?" ይሏቸው ነበር። የጨለማ ክፍሉን ሥራ ያስተማሯቸው ግን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ወንድሜ እኔንም አስገብተው አሳይተውኛል። ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። ነጭ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነከሩ። ትንሽ ቆይቶ ከወረቀቱ ሥር ጥላ መጣ፤ ጥላው ክንፍ አወጣ፤ ክንፉ ላባ አወጣ። ከውሃ በታች የተኛ ወፍ ቀስ ብሎ ሲነቃ ነበር የሚመስለው። እኔ ብዙ ነገር አያስደንቀኝም፤ ያ ግን አስደንቆኛል። አልነገርኳቸውም እንጂ።

በ1958 ዓ.ም. አርመናዊው እርጅና ሲጫናቸው ሁለት ካሜራና አንድ ረጅም ሌንስ ሰጥተው አሰናበቷቸው። ወንድሜም ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነበርኩ። ነጭ ለብሼ፣ መዝሙረ ዳዊት በሁለት እጄ ይዤ ተነሣሁ። መጽሐፉን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ዳዊቱን በጆሮዬ ተምሬ በቃሌ እወጣው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መጽሐፉን ከፍቼ አፌን ሳንቀሳቅስ ያየ ሁሉ ማንበብ የምችል ይመስለው ነበር። እኔም አልችልም አላልኩም። ወንድሜም ከሰው ጋር አብረው አመኑ። እህቴ እኮ በራሷ ነው ፊደል የቆጠረችው እያሉ ለደንበኛ ያወሩልኝ ነበር። ያ ፎቶ ተለቅ ተደርጎ ታጥቦ፣ በመስታወት ገብቶ፣ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ተሰቀለ።

በ1963 ዓ.ም. አቶ ስብሓት ዝዋይ ለሠርግ ተጠሩ። ሙሽሮቹ ሐይቁ ላይ በታንኳ ቆመው እንዲነሡ ተፈልጎ ነበር። ሁሉም ተስተካክሎ፣ ሙሽራው ሆዱን ስቦ፣ ሙሽሪት ዐይኗን ሰብራ ሳለ፣ ራሱና ደረቱ እንደ ጥጥ የነጣ ትልቅ ንስር ከዛፍ ተነሥቶ ከታንኳው ጎን ዓሣ ከውሃው ላይ አነሣ። ካሜራው ወዴት እንደዞረ አልነግራችሁም። ፎቶው ሲታጠብ ከሠርጉ የወጣው የሙሽራው ባርኔጣ ብቻ ነበር፤ እሱም ከታች ጥግ ላይ። የሙሽራው አባት ጉርድ ሾላ ድረስ መጥተው፣ "ልጄን የዳርኩት ለአሞራ ነው እንዴ?" ብለው ጮኸዋል። እውነታቸውን ነው። እኔም ከእሳቸው ጋር ሆኜ ነው የጮኽኩት።

ታንኳውን ይቀዝፉ የነበሩት ዓሣ አስጋሪው አቶ ዋቅጅራ በዳሳ ግን ሳቁ። ወዳጅነታቸው ከዚያች ታንኳ ላይ የጀመረ ነው። አቶ ዋቅጅራ እህት ነበሯቸው፤ ወይዘሮ ገንዘቤ በዳሳ። በ1965 ዓ.ም. ወንድሜና ወይዘሮ ገንዘቤ በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። እሳቸው ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ። አልወደድኩትም ነበር፤ ደብቄ አላውቅም። ወይዘሮ ገንዘቤም መወደዴን ሳይጠብቁ ቤቱን ቤት አደረጉት። በዐቢይ ጾም ወንድሜ ዓሣ አይቀምሱም፤ ባለቤታቸው ይበላሉ፤ ወንድሜ ደግሞ ዓሣ የሚበላውን ወፍ ሲያነሡ ይውላሉ። እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ልጃቸው ሶሬቲ በ1967፣ ልጃቸው አረጋዊ በ1970 ተወለዱ።

አሁን ስለ ወፎቹ ልናገር፤ የወንድሜ ሕይወት እሱ ነውና። ዝዋይ ላይ ዓሣ አድነው የሚኖሩ ሁለት ዓይነት አሞሮች አሉ። አንዱ ያ ነጭ ራስ ያለው ንስር ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው፤ ዛፉ የታወቀ፣ ድምፁ የታወቀ፣ ጠዋት አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ሐይቁ ሁሉ የእሱ ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ ዐይኑ ላይ ጥቁር መቀነት ያለው፣ ቡናማ ወፍ ነው። በጥቅምት ከሩቅ አገር ይመጣል፣ በመጋቢት ይመለሳል። ወንድሜ እንግዳው ይሉታል። ነጭ ራሱ ዓሣውን ከውሃው ላይ ሲያነሣ እግሩን እንኳ በቅጡ አያረጥብም። እንግዳው ግን ከሰማይ እግሩን አስቀድሞ ይወረወርና ውሃው ውስጥ ይጠፋል። አለቀለት ስትሉ ክንፉ ይወጣል፣ ቀጥሎ ዓሣው። አየር ላይ እንዳለ እንደ ውሻ ራሱን ያራግፋል። ከዚያ የዓሣውን ራስ ወደ ፊት አዙሮ፣ እንደ ታንኳ አሰልፎት ይሄዳል።

ክርክሩ እንግዲህ ጉልበቱ የማን ይበልጣል ነው። አቶ ዋቅጅራ፣ "ስብሓት፣ ምን ይጠየቃል? ነጭ ራሱ እንግዳው ያጠመደውን ከእግሩ ነጥቆ ይበላል። ጉልበት ይኼ ነው፤ በቃ" ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ፣ "ቀማኛን ጉልበተኛ አትበለው። ሚዛን ላይ እንገናኝ" ይላሉ። ሁለት ያደጉ ወንዶች በዚህ ሲከራከሩ ሻይ ይቀዘቅዝ ነበር።

አመዛዘናቸው እንዲህ ነው። መረብ ውስጥ ገብቶ የሞተ አንድ እንግዳ ተገኝቶ ሲመዘን አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ። ነጭ ራሷ ደግሞ፣ ከሁለቱ ትልቋ ሴቷ ናትና፣ ነፋስ ከዛፍ ጥሏት ሞታ ስትገኝ ሦስት ኪሎ ከሩብ መዘነች። የዓሣውን ክብደት ግን ወፉን ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ወንድሜ ወፉን ከነዓሣው አየር ላይ ያነሡታል፤ ፎቶውን አጥበው የወፉን ክንፍና የዓሣውን ርዝመት በማስመሪያ ይለካሉ፤ ከተመዘነው ወፍ ክንፍ ጋር አስተያይተው የዓሣውን ትክክለኛ ርዝመት ያወጣሉ። አቶ ዋቅጅራ ያንኑ የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶ የሚሉትን፣ በዚያው ርዝመት አጥምደው ሚዛን ላይ ይሰቅላሉ። ዓሣው ከውሃ ሙሉ በሙሉ የተነሣበት ፎቶ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ጎትቶ ዳር ያወጣው አይቆጠርም። በዚህ ላይ ሁለቱም ተማምለዋል።

የነጭ ራሷ ፎቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ተገኘ። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም አንሥታለች፤ የራሷን ግማሽ ማለት ነው። የእንግዳው ግን አስቸገረ። ወይ ይርቃል፣ ወይ ዓሣው ትንሽ ነው፣ ወይ ፀሐይ ከኋላው ነው። ወንድሜ ቀበሌ ለመታወቂያ ያዘዘውን ጉርድ ፎቶ ቀን ከሌት እያነሡ፣ በተረፋቸው ፊልም ዝዋይ ይሄዳሉ። በየካቲት 1969 ዓ.ም. ተሳካላቸው። ያን ፎቶ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ገና እርጥብ ሆኖ ገመድ ላይ ተሰቅሎ። እንግዳው ሰውነቱን የሚያህል ቆሮሶ ይዞ ከውሃው ወጥቷል። የውሃው ጠብታ ከሥሩ እንደተበጠሰ ዶቃ አየር ላይ ቀርቷል። ከኋላው ነጭ ራሷ ለመንጠቅ እግሯን ዘርግታ አልደረሰችበትም። ወንድሜ አጠገቡ ቆመው እጃቸውን በፎጣ ደጋግመው ያደርቁ ነበር፤ ደርቆ ነበር እኮ። "እትዬ፣ ይኸው መጣ" አሉኝ። የሚቀረው መመዘን ብቻ ነበር።

በመጋቢት አቶ ዋቅጅራን ከነሚዛናቸው ሊያመጡ ዝዋይ ወረዱ። ወይዘሮ ገንዘቤም ሶሬቲን ይዘው ለአራስ ጥየቃ አብረው ሄዱ። ጊዜው ምን ጊዜ እንደነበረ ለእናንተ አልነግርም፤ የነበረበት ያውቀዋል። ወንድሜ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ሰማያዊ የብስኩት ጣሳ አሳዩኝ። በአንዱ የሰፈሩ ሰው፣ በተለይም የወጣቱ ፊት ያለበት ኔጌቲቭ አለ። በሌላው የወፎቹ አለ፤ የእንግዳውም ፎቶ ከነኔጌቲቩ እዚያው። በየጣሳው ላይ በትልቅ ፊደል ጽፈውበታል። "እትዬ፣ አሰሳ ከመጣ ሰዎች የሚለውን አቃጥዪው። ፊት ይዘው ነው ልጅ የሚፈልጉት። አዕዋፍ የሚለውን ተዪው፤ ወፍ ማንንም አያስይዝም" አሉኝ። እኔም፣ "ዕውር አደረግኸኝ እንዴ? አይቻለሁ" አልኩ።

አላየሁም። ማለቴ ፊደሉን አይቼዋለሁ፤ አላውቀውም። የትኛው የትኛው ነው ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃ ነበር። አልጠየቅሁም።

አሰሳው በሦስተኛው ቀን መጣ። መንገዱ ተዘግቶ እነሱ ዝዋይ ቀሩ። የጎረቤት በር ሲመታ ሁለቱን ጣሳ አውርጄ እሳቱ ፊት ቆምኩ። ፊደል ፊደል ነው፤ ሁለቱም አፈጠጡብኝ። አንዱን ከፍቼ አንድ ቁራጭ ወደ መስኮቱ ያዝኩ። ኔጌቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው። ዐይኔ ድሮም ሩቅ እንጂ ቅርብ አያይም። ጭስ የሚመስል ነገር፣ ራስና ትከሻ ያለው፣ ክንፍም ሊሆን የሚችል። ሰው ይሁን ወፍ ሳልለይ የእኛ በር ተመታ። ሁለቱንም እሳት ውስጥ ገለበጥኳቸው።

ሲገቡ ሽታው አገኛቸው። አንዱ፣ "እማማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለኝ። "ላሜ ታማብኛለች፣ ቀንድ እያጨስኩላት ነው" አልኩት። ላሚቱ ደግሞ ጤነኛ ሆና ደጅ ታመነዥካለች። ቤቱን ገለባብጠው፣ ማስመሪያና ባዶ ጣሳ አግኝተው ሄዱ። ከዚያ ጣሳ ፊቶች መካከል ዛሬ ወልደው ከብደው እዚህ ግቢ የቆሙ አሉ። ስም አልጠራም። እነሱ መቆማቸው ደስ ይለኛል። የወንድሜ ሥራ ግን አብሮ ጠፋ።

አቶ ስብሓት ከአራት ቀን በኋላ ሚዛኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ገቡ። "ሰዎቹን አቃጠልሽ?" አሉ። አዎ አልኩ። "ወፎቹስ?" አሉ። "እነሱንም። በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አውሮፕላን አይቼ ለጥንቃቄ ነው" አልኳቸው። አውሮፕላን የሚባል ነገር አልነበረም። አልተቆጡም፤ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚያዩ ሆነው ግድግዳውን፣ እዚያ የተሰቀለውን የእኔን ፎቶ ነበር የሚያዩት። በመጨረሻ፣ "ጥሩ አደረግሽ እትዬ። ሰው ነው የሚቀድመው" አሉኝ። ሚዛኑን ሳይፈቱት አልጋ ሥር አስገቡት። በማግስቱ የእኔ ፎቶ ከግድግዳው ወርዶ ነበር። መስታወቱ ቆሽሿል አሉ። ተመልሶ አልተሰቀለም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ጣሶች መጡ። በጣሶቹ ላይ ግን ጽሑፍ አልነበረም። በአንዱ ላይ በቀለም የሰው ፊት ተሥሏል፤ በሌላው ዓሣ የያዘ ወፍ። ለልጆቹ ነው አልኩ ለራሴ። ሶሬቲ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ለሕፃን ኔጌቲቭ ምን ያደርግላታል ብዬ አልጠየቅሁም።

ወንድሜ ፎቶውን እንደገና ለማግኘት ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ፊልም ከገበያ ጠፋ። ለመንገድ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ያስፈልግ ነበር። ጸሐፊው፣ "ጓድ ስብሓት፣ ለምን ጉዳይ ነው?" ይላል። ወንድሜ፣ "የወፍ ጉልበት ለመመዘን" ይላሉ። ጸሐፊው ብዕሩን ያስቀምጣል። የአማት ጥየቃ በል፣ አማትህ እኮ እዚያው ናቸው ብዬ ስንቴ መክሬያቸዋለሁ። "የምሄደው ለወፉ ነው እትዬ" ይሉኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኔ ለጥንቃቄ ነው ብዬ የዋሸሁት።

ወረቀቱ በተከለከለ ዓመት ከጉርድ ሾላ ወደ ቦሌ በሚወስደው ሜዳ ላይ ሣር ላይ ይተኛሉ። እንግዳው በጥቅምት ሲመጣና በመጋቢት ሲመለስ አንዳንዴ በዚያ ያልፋል። አንድ ጠዋት ተከትያቸው ሄጃለሁ። ጤዛው ገና አልረገፈም። የአውሮፕላን ማረፊያው በጉም ተሸፍኖ አውሮፕላኖቹ በደመና ውስጥ የተኙ ዓሦች ይመስሉ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ሲሄድ ድምፁ ቆይቶ መጣ። ከሱ በላይ፣ በጣም ከላይ፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ የሚሄድ አንድ ነጥብ አሳዩኝ። አላየሁትም፤ አየሁ አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያየሁትም ይመስለኛል። አንድ ዘበኛ መጥቶ፣ "ካሜራህን ወደ ማረፊያው ታዞርና እኔን አታውቀኝም" ብሎ አስጠነቀቃቸው። ወንድሜም የረጅሙን ሌንስ ጫፍ ወደ ሰማይ አቅንተው አሳዩት። ዘበኛው ኃይለኪሮስ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በየመጋቢቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ብቅ ብሎ፣ "ጋሼ ስብሓት፣ እንግዳዎ ዛሬ ጠዋት አለፈ" ይል ነበር። አሁንም ከኋላ ቆሟል።

በ1971 ክረምት መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ተመዘገብኩ። ለቤት ሰው፣ ቀበሌ አስገድዶኝ ነው አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። መሸት ሲል ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ሀሁ ቆጠርኩ፤ አስተማሪዋ የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ ናት። የምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ ሳምንት፣ ወንድሜ በሌሉበት የጨለማ ክፍሉን ሳጸዳ ከመሳቢያ ሥር ያን የድሮ ፎቶዬን አገኘሁት። መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ዳዊቱን በሁለት እጄ ይዤ ቀና ብያለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፊደል ላነብ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ፎቶውን ዘቅዝቄ ስይዘው ተነበበልኝ። መዝሙረ ዳዊት ይላል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጽሐፉን ዘቅዝቄ ይዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ።

ወንድሜ ያን ዕለት ግድግዳው ላይ ያዩት ይህን ነው። ፎቶውን ያወረዱት ደግሞ ሌላ ሰው እንዳያየው ነው። ጣሶቹ ላይ ሥዕል የሣሉትም ለሶሬቲ አይደለም። ሁሉን ያውቃሉ፤ እኔም ማወቃቸውን አወቅሁ። እሳቸው አልተናገሩም፣ እኔም አልተናገርኩም። ፎቶውን ወደ ቦታው መለስኩት። ሥዕሉም አልቆመም፤ እያነበብኩ እንኳ በየዓመቱ አዲስ ጣሳ በመጣ ቁጥር ወይ ፊት፣ ወይ ወፍ። ፊደል አውቄያለሁ ብዬ ብናገር ድሮ አለማወቄን ማመን ይሆንብኛል። እንዲሁ ዓመታቱ ሄዱ።

አቶ ስብሓት ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ሳል ጠናባቸው። ሐኪሞቹ ሳንባ ነው አሉ። ጨለማ ክፍሉን ይተዉ ተባሉ፤ ለአንድ ወር ያህል ተዉት። ባለፈው ኅዳር፣ ልጃቸው አረጋዊ ከተማሪ ቤት ፈቃድ ጠይቆ ደግፏቸው ዝዋይ ወረዱ። አቶ ዋቅጅራ በታንኳ አወጧቸው። ሦስት ቀን ተቀምጠው አንድ ፊልም ጨርሰው ተመለሱ። ምን አገኛችሁ ብል አረጋዊ አባቱን ያያል፣ አባቱ ጣሪያ ያያሉ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ብዙም አልተነሡም። ወይዘሮ ገንዘቤ ሌት ተቀን አልተለዩአቸውም። እኔ ያልወደድኳቸው ሴት ወንድሜን እንደ ሕፃን አቅፈው ውሃ ሲያጠጧቸው አይቻለሁና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ስለ ውሃ ብዙ ያወሩ ነበር። አንዴ አሸንጌ ነው፣ አንዴ ዝዋይ ነው፣ አንዴ የጉርድ ሾላ ገብስ ነው። እያምታቱ ነው ብዬ ላርማቸው ስል ተውኩት፤ ሐይቅ ነው አልኳቸው። አንድ ከሰዓት ግን ጥርት ብለው፣ "እትዬ፣ ከጨለማ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ያለችውን ጣሳ አንቺ ነሽ የምትከፍቺያት" አሉኝ። እሺ አልኩ። ልናገር አፌን ስከፍት እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሑድ መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ጣሳዋን ትላንት ከፈትኩ። ሥዕል የለባትም። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፎባታል፦ እንግዳው። እትዬ ታንብበው።

ውስጧ አንድ ፎቶ አለ። እንግዳው ዓሣ ይዞ ከውሃ ይወጣል። ጠብታው አየር ላይ ቀርቷል። ነጭ ራሷ የለችም፤ የድሮውን ያህልም ጥርት ያለ አይደለም። ግን እሱ ነው። ከጀርባው በእጃቸው የተጻፈውን ቃል በቃል አነባለሁ፦ "ነጭ ራሷ፣ ክብደቷ ሦስት ኪሎ ከሩብ፣ ያነሣችው አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። እንግዳው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ያነሣው አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ። የዓሣውን አቻ ዋቅጅራ በራሱ ሚዛን መዝኖታል። ፍርዱን እትዬ ትስጥ። የድሮዋን ጣሳ እርሻት።"

አልረሳትም። ወንድሜ ስብሓት፣ አውሮፕላን አልነበረም። ማንበብ አልችልም ነበር፤ አልችልም ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ይኸው ነው።

ፍርዱንም እሰጣለሁ። ነጭ ራሷ የበለጠ አነሣች፤ የያዘችው ግን የራሷን ግማሽ ነው። እንግዳው ራሱን ሊያህል ትንሽ የቀረውን ተሸክሞ ተነሥቷል። እንግዳው ይበልጣል። አቶ ዋቅጅራ እዚህ ቆመዋል፤ ይግባኝ ካላቸው ከሣልስት በኋላ ቤት ይምጡ፤ ሻዩን ሳይቀዘቅዝ እንዲጠጡ ግን ነው።

አቶ ስብሓት የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገንዘቤ በዳሳ፣ ልጆቻቸው ሶሬቲና አረጋዊ፣ አማቻቸው አቶ ዋቅጅራ በዳሳ፣ እኔም እህታቸው ቀርተናል። ፊታቸውን በጣሳ ያኖሩላቸው የጉርድ ሾላና የቦሌ ሰዎችም ቀርተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ መጋቢት 10 ቀን በየካ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ልትሸኙ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ኃይለኪሮስ ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ቤት መጥቶ ልማዱን ነገረኝ። አንድ ወፍ በማረፊያው በላይ ወደ ሰሜን አልፏል፤ እግሩ ላይ ምንም አልያዘም። እንግዳው ወደ አገሩ ሲመለስ ባዶውን ነው የሚሄደው። ሸክምን የምታውቀውን ያችን ነፍስ፣ አምላክ ሸክሟን አውርዶ፣ ላይኛውና ታችኛው ሰማይ በማይለይበት ጸጥ ባለው ውሃ ዳር ያስቀምጥልን። አሜን።

ታላቅ እህታቸው ትብለጽ ዑቕባይ፣ በራሴ እጅ ጻፍኩት።